ከአሥራ ሁለተኛው እርምጃ ወዲያ

እኔ አሥራ ሰባት ዓመት በጋዜጠኝነት ስሠራ ዛር ያነጋገረው፣ ሙት በስሙ የጠራው፣ የገዛ ጥላው ትቶት የሄደ ሰው ስንት ጊዜ ቢሮዬ ድረስ መጥቷል፣ ሁሉንም አክብሬ አስቀምጬ «መቼ ነው? የት ነው? ሌላ ማን አየ?» ብዬ ጠይቄ፣ ሻይ ጋብዤ፣ አንድ መስመር ሳልጽፍ ነው የሸኘሁት። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ይዞብኝ ቢመጣ ኖሮ እሱም ሻዩን ጠጥቶ ይሄድ ነበር፣ እመኑኝ። ግን የሰማሁት በገዛ ጆሮዬ ነው፣ በዚያ ላይ ሌሊት አልነበረም፣ አላተኮሰኝም፣ አልጠጣሁም፣ እንዲያውም ማስታወሻ ደብተሬና እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ነበሩ።

ነገሩ የሆነው ቤሩት፣ ባዳሮ ሰፈር፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት በጋ ላይ ነው፣ ቆሻሻ የሚያነሳ ጠፍቶ ከተማዋ በከረጢት ክምር የታፈነችበት ጊዜ፣ ሰዉ ሁሉ ሽታውን ሸሽቶ በዚያ ሙቀት መስኮቱን ዘግቶ ይውል ነበር። እኔ ያኔ ቀን ቀን እየተመላለስኩ ሰው ቤት አጸዳለሁ፣ በወር አንዴ ደግሞ ለእኛ ሰው የምትታደል ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ አዘጋጃለሁ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ዕቃ የምፈትንበት ዓምድ አለኝ። የሻንጣ ሚዛን፣ የእጅ ጓንት፣ የስልክ ባትሪ፣ ሰው ቤት የሚያገለግሉት ልጆቻችን በላባቸው የሚገዙትን ሁሉ እፈትናለሁ፣ ፊተኛውን ገጽ የማያነቡት እንኳ እሱን ያነቡታል።

ማዳመጫውን ያመጣችው ወይንሸት ናት። ወይንሸት እንደ ብዙዎቻችን ሰው ቤት ስታገለግል ኖራ፣ በኋላ ዶራ አደባባይ አጠገብ ሱቅ የከፈተች ሴት ናት፣ በርበሬ አለ፣ የፀጉር ቅባት አለ፣ ሻንጣ አለ፣ የስልክ ዕቃ አለ።

«ስሚ አንቺ ጋዜጠኛ» አለችኝ፣ ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ እየወረወረች፣ «ይኼን ገመድ የሌለውን ማዳመጫ ልጆቹ ይወስዱታል፣ ሻሽ ይሸፍኑበትና ማዳም ሳታይ ዕቃ እያጠቡ ከእናታቸው ጋር ያወራሉ። በሳምንቱ ደግሞ ‹ወይኒ ሸወድሽን፣ እማዬ አልሰማችኝም› ብለው ያለቅሱብኛል። እኔ ምኑን አውቄ! ሙዚቃ ስከፍትበት ቆንጆ ነው።»

«ሙዚቃና ስልክ አንድ አይደለም» አልኳት።

«እሱን ነዋ የምልሽ! ፈትኚው፣ ያኒ፣ ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው ብለሽ ጻፊ።»

«መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው ብዬ እጽፋለሁ።»

«ቀስ ብለሽ ጻፊዋ» አለች፣ «ሃያ ፍሬ አስመጥቻለሁ።»

ቅዳሜ ዕለት ይዤው ሥራ ሄድኩ፣ ምክንያቱም ማዳመጫ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይፈተንም፣ እየጎነበሱ፣ እያላቡ፣ ከክፍል ክፍል እየተመላለሱ ነው የሚፈተነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰፊ አፓርታማ ነው፣ ባለቤቷ አሮጊት ማዳም ሞታ ልጇ ልታከራየው ፈልጋ ባዶ ነበር፣ ልጅቷ ራሷ አሽራፊዬ ነው የምትኖረው። በሩን የከፈተልኝ የሕንፃው ዘበኛ ነው፣ እነሱ ናጡር ነው የሚሉት፣ አቡ ሳሊም ይባላል፣ ሽማግሌ ነው፣ የሕንፃው ቁልፎች ሁሉ ወገቡ ላይ ይንቃጨላሉ። እኔ ባልዲዬን ይዤ ገባሁ፣ ሙዚቃዬን ከፈትኩ፣ ሥራዬን ጀመርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ጋዜጣዬ ላይ በየወሩ፣ ያለ ማጋነን በየወሩ፣ «ቁልፉን እጃችሁ ሳታስገቡ ሰው ቤት ለሥራ አትግቡ» ብዬ እጽፋለሁ፣ በጥቁር ፊደል፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ሠራተኛ ቤት ውስጥ ካለች በር ከውጭ ይቆለፋል፣ ክፋት ብለው አይደለም፣ እንደ ጋዝ መዝጋት የለመደባቸው ነገር ነው። እኔ ግን ያን ቀን ጆሮዬ በከበሮ ተሞልቶ ስለነበር ቁልፉን ሳልጠይቅ ገባሁ፣ አቡ ሳሊም ከኋላዬ ሲቆልፍም አልሰማሁም። በሌሎች ላይ ስፈርድበት የኖርኩትን ስህተት እኔው ሠራሁት፣ በፈተና ላይ ያለው ዕቃ ነው ያሠራኝ።

የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ያለ ችግር አለፈ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት አሁንም አለ፣ «ከበሮው ይበዛል፣ የክራሩ ክር ይዋጣል። ሲጎነበሱ አይወልቅም። ጆሮ ያልባል።» ምንጣፍ የሚጠርገው ማሽን እየጮኸ ለወይንሸት ደወልኩላት።

«ትሰሚኛለሽ?»

«ጉድጓድ ውስጥ ነሽ እንዴ?»

ማሽኑን አጠፋሁት። «አሁንስ?»

«አሁን ከጉድጓዱ ወጥተሻል። ያላ፣ በይ ጥሩ ነው ብለሽ ጻፊ!»

«ጸጥ ባለ ቤት ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የርቀቱ ፈተና ነበር፣ ልጆቹ ስልካቸውን አንድ ቦታ ደብቀው ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ከስልኩ ምን ያህል ቢርቁ እንደሚሰማ ማወቅ አለባቸው። ስልኬን ሙዚቃ እየተጫወተ ሳሎኑ መስኮት ላይ አስቀመጥኩትና እርምጃዬን እየቆጠርኩ በኮሪደሩ ወደ ኋላ ሄድኩ። አሥራ ሁለተኛው እርምጃ ላይ፣ ኩሽናው በር ጋ፣ ድምፁ ተንኮሻኮሸ፣ አሥራ ሦስተኛው ላይ ተቆረጠ፣ ማዳመጫው ውስጥ የተቀዳች የሴት ድምፅ ግንኙነቱ መቋረጡን በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። አንድ ጊዜ መለካት መለካት አይደለምና ደገምኩት፣ ያው አሥራ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ግን ኩሽናው ጋ አልቆምኩም፣ ዝም ብዬ ቀጠልኩ፣ ኩሽናውን አልፌ የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ገባሁ፣ ታውቋታላችሁ ያችን ክፍል፣ አልጋ ከገባባት ሰው ቆሞ ልብስ የማይቀይርባትን።

እዚያ ቆሜ ቁጥሩን ልጽፍ ስል፣ ማዳመጫው ውስጥ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሰማሁ።

አወለቅኩት፣ ክፍሉ ጭር ያለ ነው። መልሼ አደረግኩት፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ነጠላ ጫማ ወለል ላይ ሲጎተት፣ ከዚያ ጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ሲሳብ፣ ከዚያ የሰው ትንፋሽ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ትንፋሽ። አልደነገጥኩም፣ የምሬን ነው፣ የጎረቤት ስልክ ጠልፎ ነው አልኩ፣ «ከሌላ መሣሪያ ጋር ይደባለቃል፣ ጉድለት» ብዬ ጻፍኩ። የጻፍኩትን ሳልጨርስ አንዲት ልጅ ጆሮዬ ሥር፣ በአማርኛ፣ ለራሷ «አራቱ አይበቃም» አለች።

«ማነሽ?» አልኩ፣ ሳላስበው።

ጨርቁ ቆመ፣ ትንፋሹም ቆመ። «ቢስሚላህ! ማነው?»

«ሰው ነኝ፣ ያገርሽ ሰው። ሂሩት እባላለሁ። አንቺስ?»

«ዘሀራ። እዚህ ሉሉ ነው የሚሉኝ» አለች፣ አነጋገሯ የወሎ ነው፣ ልጅነት አለበት። «የት ሆነሽ ነው እትየ? ግድግዳው ውስጥ ነሽ እንዴ?»

«በማዳመጫ ነው የምሰማሽ። ስልክሽ ተከፍቶ ነው።»

«የምን ስልክ? ስልክ መች ሰጡኝ!»

ይኼን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«አንሶላ እቋጥራለሁ። ልወርድ ነዋ! ቆልፈውብኝ ከሄዱ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው፣ ዳቦው ትናንት አለቀ፣ ውኃውም ይኸው በጠብታ ሆነ።»

«ስንተኛ ፎቅ ነሽ?»

«አራተኛ። በኩሽናው በረንዳ ነው የምወርደው።»

እናንተ የእኛን ሰው ሬሳ ከበረንዳ ሥር ሲነሳ አይታችሁ አታውቁ ይሆናል፣ እኔ ለጋዜጣዬ ስል ሦስት ጊዜ አይቻለሁ፣ አንዷ አንሶላዋን እንደጨበጠች ነበር። ብሉቱዝ ከአሥር ሜትር አይዘልም፣ አራተኛ ፎቅ ነኝ ካለች ደግሞ ጎረቤት ያለው ቤት ውስጥ ናት አልኩ። «ዘሀራ፣ እንዳትነቃነቂ፣ አሁን በሩን ከፍቼ እመጣለሁ» ብያት በኮሪደሩ ሮጥኩ፣ አሥራ ሁለተኛውን እርምጃ ሳልፍ ሙዚቃው በሙሉ ድምፁ ጆሮዬ ላይ ፈነዳ፣ የሰርግ ዘፈን ነበር፣ በዚያ ዘፈን ውስጥ ሆኜ ነው የበሩን እጀታ ጎትቼ እንደተቆለፈብኝ ያወቅኩት።

መታሁት፣ በጡጫም በጫማም። አቡ ሳሊም የለም። መስኮት ከፍቼ ወደ መንገዱ ጮህኩ፣ ጀነሬተሩ ሁሉ ያጓራል፣ የሰዉ መስኮት ሁሉ ዝግ ነው፣ ከታች አንድ ሰው አፍንጫውን ይዞ በከረጢቶቹ መሃል ሲያልፍ አየሁት፣ ቀና እንኳ አላለም። ለወይንሸት ደወልኩ።

«ተቆልፎብኛል።»

«ማ? አንቺ?» ሳቀች፣ ከት ብላ ሳቀች። «የቁልፏ ሰባኪ! ኸላስ፣ በቃ ተቀመጪና ሙዚቃሽን ስሚ።»

«ወይኒ፣ ጎረቤት ያለች ልጅ በአንሶላ ልትወርድ ነው።»

ሳቋ ተቋረጠ። «አናግሪያት» አለች። «ምንም በያት፣ ብቻ ወሬዋን አታቋርጪው። ናጡሩን አውቀዋለሁ፣ ወንድሙ ካራንቲና ሰፈር ጋራዥ አለው፣ እዚያ አላጣውም፣ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

አያችሁ ጣጣውን? እርዳታ ልጠራ ወደ ስልኩ ከቀረብኩ ማዳመጫው ስልኩን ይይዝና ልጅቷን አጣታለሁ፣ ልጅቷን ልሰማ ከራቅኩ ደግሞ ስልኩ አይሰማኝም። ስልኩን ልዝጋው ብል ወይንሸት በምን ታገኘኛለች? እዚያው መስኮቱ ላይ ተውኩትና ወደ ትንሿ ክፍል ተመለስኩ።

«መጣሽ እትየ?»

«አልመጣሁም። እኔም ተቆልፎብኛል።»

ሳቀች፣ ደረቅ የሆነ የጠማው ሰው ሳቅ። «ወይ ጉድ! ታዲያ ማን ነው ማንን የሚያወጣው?»

«ሰው እየመጣልኝ ነው። ሲከፈትልኝ እከፍትልሻለሁ። ቤተሰቦቹ ለምንድነው ጥለውሽ የሄዱት?»

«ጦርነቱ ነዋ! ልጆቹን ይዘው ወደ ተራራ ሸሹ። ‹አንቺ ቤቱን ጠብቂ፣ ነገ እንመጣለን› አለችኝ ማዳሜ፣ ቆለፉ፣ ሄዱ። ይኸው... ይኸው መጣ ደግሞ!»

መጣ። ከሩቅ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ፣ እየቀረበ፣ ከዚያ አንድ ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲወድቅ፣ የማዳመጫው ስፖንጅ ጆሮዬ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ መስታወት ሲረግፍ፣ ልጅቷ ስትጮህ ሰማሁ። የቆምኩባት ክፍል መስኮት ግን ንቅንቅ አላለችም፣ የአቧራ ድር አለባት፣ ድሩ እንኳ አልተወዛወዘም። ወደ ኩሽናው በረንዳ ወጣሁ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ርግብ የውኃ ጋን ላይ ተቀምጧል፣ ቤሩት ቅዳሜዋን እያሳለፈች ነው። ልጅቷ የምትለው ጦርነት፣ ቤሩት ከአውሮፕላን የተደበደበችበት፣ ካለቀ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ሥራዬ «መቼ?» ብሎ መጠየቅ ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ የጠየቅኩት እሱን ነው፣ ያን ጊዜ ግን አልጠየቅኳትም። ፈራሁ። ይኼን ስጽፍ አላፍርም፣ መልሱን ፈራሁ።

«ዘሀራ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አልጋ ሥር ገብቼ ነው። እትየ፣ ልወርድ ነው፣ ሌላ ሳይመጣ ልውረድ።»

«ምን ይታይሻል? ከሥርሽ ምን አለ?»

ነጠላ ጫማዋ ተጎተተ፣ በረንዳ ላይ መውጣቷ ነው፣ እኔም እዚያው በረንዳ ላይ ነኝ፣ ከእኔና ከአንድ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር በቀር ማንም የለም። ድምፁ ግን ከቀኝ ጆሮዬ ወደ ግራ ጆሮዬ አለፈ፣ ሰው በፊቴ እንዳለፈ።

«የሎሚ ዛፍ አለ» አለች። «ትልቅ ነው። ልብስ ሳሰጣ አየዋለሁ። አንሶላው ቢያጥር እንኳ እሱ ላይ ብወድቅ ይይዘኛል።»

ወደ ታች አየሁ። መኪና ማቆሚያ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ።

«ዛፍ የለም! ሲሚንቶ ነው ዘሀራ፣ አትዝለይ!»

«አለ እንጂ፣ ወላሂ አለ፣ ይኸው ሽታው ይመጣል።»

«እሺ ይኑር። ከአራተኛ ፎቅ የወደቀን ዛፍ አይመልስም። አንሶላ ከሰው ክብደት ጋር ቋጠሮው ይላቀቃል፣ እኔ አይቻለሁ፣ ሦስት ልጆች አይቻለሁ።»

እንዲህ እየተባባልን ቆየን። የእናቷን ስም አስጠራኋት፣ ከሚሴ ስንት ታናናሾች እንዳሏት አስቆጠርኳት፣ ለጎረቤት ልጅ እንደታጨችና ልጁን እንደማትወደው ነገረችኝ፣ «አፍንጫው እንደ ፋስ ነው» አለች፣ ሳቅን፣ እመኑኝ በዚያ መሃል ሳቅን። ሳሎን መስኮት ላይ ስልኬ ይጮሃል፣ ይቆማል፣ ይጮሃል፣ ወይንሸት እንደሆነች አውቃለሁ፣ አልሄድኩም፣ ከሄድኩ የሰርግ ዘፈኑ ይመጣል፣ ስመለስ ልጅቷ ባትኖርስ? እንዲህ ሆኖ ያንን ቤት ያህል ሰፊ ቤት ይዤ መቆም የምችለው በዚያች አልጋ ብቻ በምታስገባ ክፍልና በበረንዳዋ መካከል ብቻ ነበር። አንድ እርምጃ ወደፊት ብል አጣታለሁ።

ከዚያ የማዳመጫዋ ሴት መሃላችን ገብታ ባትሪው እያለቀ መሆኑን ተናገረች። ሳጥኑ ላይ ስምንት ሰዓት ይሠራል ይላል፣ አምስት ሰዓት አልሞላውም።

«ማናት እሷ?» አለች ዘሀራ።

«ማንም አይደለችም። ስሚኝ፣ ድምፄ ሊጠፋብሽ ነው። ብጠፋም አትውረጂ። ናጡሩ ሲመጣ በሩን እኔ ራሴ እከፍትልሻለሁ።»

«ቢረሱሽስ? እኔን እንደረሱኝ?»

«አልረሳሽም።»

«ማይልኝ። በእናትሽ ማይልኝ።»

በሕይወቴ ለማንም ምንጭ፣ ለማንም ባለታሪክ ቃል ገብቼ አላውቅም፣ ሙያው አይፈቅድም፣ የማታውቂውን ነገር ይሆናል አትበይ ይላል። «በእናቴ» አልኳት።

«እሺ» አለች፣ ከረጅም ትንፋሽ በኋላ። «አልወርድም። አንቺ እስክትመጪ እጠብቃለሁ።» ማዳመጫው ጠፋ።

ወይንሸትና አቡ ሳሊም የደረሱት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። ሽማግሌው ቁልፉን እያዞረ «ያ ቢንቲ፣ ይቅር በይኝ፣ እጄ ለምዶ ነው፣ እጄ ነው የቆለፈው» ይላል፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ እኔ ግን ይቅርታውን አልሰማሁትም፣ ገፍቼው ወጣሁና ፊት ለፊት ያለውን ቤት አስከፈትኩት፣ የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ነው፣ ቅዳሜ ዝግ ነው፣ ወንበርና መብራት ብቻ። ከላይ ጣሪያው ነው፣ የውኃ ጋኖች። ከታች ሁለት ሽማግሌዎች ይኖራሉ፣ ሠራተኛ የላቸውም። በእግሬም በደረጃም ለካሁት፣ በአሥር ሜትር ዙሪያ ያለ በር ሁሉ ተከፍቶ ታየ።

«አሞ» አልኩት አቡ ሳሊምን፣ አጎቴ ማለቴ ነው፣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ፣ «ከታች የሎሚ ዛፍ ነበረ?»

አየኝ። «ማን ነገረሽ? መኪና ማቆሚያውን ሲሠሩ ቆረጡት። ከጦርነቱ በኋላ።»

«በጦርነቱ ጊዜ እዚህ ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች?»

«እኔ ያኔ መንደሬ ሸሽቼ ነበር። ብዙ ልጆች መጥተው ሄደዋል፣ ስማቸውን ማን ያስታውሳል» አለና ቁልፎቹን መቁጠር ጀመረ።

ሰኞ ዕለት አሽራፊዬ ሄጄ የሟቿን ልጅ ጠየቅኳት፣ ሥርዓት ያላት ሴት ናት፣ አስቀመጠችኝ፣ ሎሚ ጭማቂ ቀዳችልኝ። «ሉሉ?» አለች። «እናቴ ሁሉንም ሉሉ ነበር የምትላቸው፣ አዲስ ስም መያዝ አይሆንላትም ነበር።» የጦርነቱን በጋ ግን አስታወሰች፣ ከወር በኋላ ከተራራ ሲመለሱ በሩ እንደቆለፉት ነበር፣ የተቋጠረ አንሶላ የኩሽናው በረንዳ ላይ ብረቱ ላይ ታስሯል፣ ወደ ታች ግን አልተለቀቀም፣ ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ልጅቷ ቤት ውስጥ የለችም፣ ከታችም ማንም አልወደቀም። «ጠፍታለች ብለን ለፖሊስ አመለከትን» አለች፣ «ምን እናድርግ፣ ፓስፖርቷ እኛው ጋ ነበር።»

አንሶላው አልተለቀቀም። ይኼን ስትለኝ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። በዚያ በጋ ከየበረንዳው የወረዱ ልጆች እንደነበሩ፣ ወርደውም በሕይወት ወደ አገራቸው የገቡ እንዳሉ አውቃለሁ፣ ከአንዳንዶቹ ጋር ቃለ መጠይቅ አድርጌያለሁ። አትውረጂ ያልኳት እኔ ነኝ።

ዶራ ያለ ስልክ ጠጋኝ ማዳመጫውን ፈትቶ አየው፣ በዕድሜው ከአንድ ስልክ ጋር ብቻ ነው የተገናኘው፣ እሱም የአንቺ ነው አለኝ። ወይንሸት ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ነገሩ አታነሳም፣ አሥራ ዘጠኙን ፍሬ ግን ሸጣ ጨርሳለች። ዓምዴም ወጣ፣ «ጥሪ ጸጥ ባለ ቤት፣ ባትሪ ከተጻፈው ያንሳል፣ ርቀት አሥራ ሁለት እርምጃ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጻፍኩም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ወደ ባዶው ቤት ተመልሼ ሄድኩ። ማዳመጫ አልያዝኩም። አቡ ሳሊምን በሩን ክፈትልኝ አልኩት፣ ከፈተው፣ ደረጃው ጋ ሆኖ ጠበቀኝ። ትንሿ ክፍል ድረስ ገብቼ፣ ለባዶ አልጋ፣ ከሰው ጋር እንደሚወራ አድርጌ፣ «ዘሀራ፣ ሂሩት ነኝ፣ መጥቻለሁ። በሩ ተከፍቷል፣ ውጪ» አልኩ። በኮሪደሩ ቀስ ብዬ ተመለስኩ፣ በሩ ጋ ቆሜ በሩን በጀርባዬ ያዝኩት፣ ብዙ ቆየሁ፣ እግሬ እስኪደነዝዝ።

አቡ ሳሊም ደረጃው መሃል ቆሞ ሲጋራውን እያጨሰ ነበር፣ ወደ እኔ አልነበረም የሚያየው። ድንገት አንድ እግሩን አነሳና ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ፣ ሲጋራውንም ሰው እንዳይነካ ወደ ጀርባው አደረገ፣ ደረጃ ላይ ለሚወርድ ሰው መንገድ እንደሚለቀቅለት፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ቦታው መጣ።

«ለማን ነው የለቀቅከው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«መንገዱን። አሁን ለማን አሳለፍክ?»

«እኔ? ከቦታዬ መች ተነቃነቅኩ?» አለ፣ ተቆጣ፣ «ምን ሆነሻል ያ ቢንቲ፣ ማን አለ እዚህ?»

እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ አሳለፈ። ሁለተኛ ምስክር የለኝም፣ ያለኝ ምስክርም አላየሁም ይላል። ከዚያ በኋላ ሮጬ ወርጄ መንገዱን አየሁ፣ ከረጢቶቹ ነበሩ፣ አንድ ታክሲ ነበረ፣ ልጅ አልነበረችም። ወጥታ ከሆነ ወጥታለች፣ እሱን ላምን እችል ይሆናል፣ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን እሱ አይደለም፣ ያ ወደ መንገድ የሚያስወጣው የሕንፃው በር ለእኔ የተከፈተው በነሐሴ ሐሙስ ላይ ነው፣ ለእሷ በዚያ ሐሙስ ይሁን በጦርነቱ መሃል በየትኛው ቀን ላይ እንደተከፈተ፣ ሰማዩ ላይ ምን እያጉረመረመ እንደወጣች፣ የምጠይቀው ሰው የለም።